ፋይሉ ላይ ያለውን ልጄ ራሱ ሊያነበው ነው፣ ቀድሜ ልንገረው?

የሚኒሶታ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ሚኒሶታ ከገባሁ 22 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ፈረንጅ ነው፣ አዮዋ ገበሬ ቤት ያደገ፣ ሽሮ ከእኔ በላይ የሚወድ ሰው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ ወንድ ነው፣ 17 ዓመቱ። በ2010 እ.ኤ.አ. ነው ከወላይታ በጉዲፈቻ ያመጣነው፣ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ትንሿን የወለድኳት እኔ ነኝ፣ 12 ዓመቷ። አባት ፈረንጅ፣ ሴቷ ክልስ፣ እኔ ጠይም፣ ልጄ ከእኔ ጠቆር ያለ። ገበያ ስንገባ ሰው ማን የማን እንደሆነ ለማወቅ በዓይኑ ሲያጣምረን አየዋለሁ። ለምደነዋል።

ጉዳዩ ይኼ ነው። ከሦስት ወር በፊት ልጄ ፊደል መማር ጀመረ። ያስጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ልጅ እያለ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት ስወስደው መኪና ውስጥ እያለቀሰ አስተወኝ። አሁን በራሱ ነው፣ ማታ ማታ ስልኩ ላይ። ባለፈው ሳምንት ማዕድ ቤት ቆሞ፣ እናቴ የላከችልኝ የቅመም ላስቲክ ላይ በእስክሪብቶ የጻፈችውን "መ... ከ... ለ... ሻ" እያለ አነበበው። ዞሮ ሲስቅልኝ እልል ማለት ሲገባኝ ሆዴ ቡጭ አለ።

ቁምሳጥናችን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ሰማያዊ ፋይል አለ። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ የቀበሌው ደብዳቤ፣ የምስክሮች ቃል፣ ሁሉም ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ አለበት። እንግሊዝኛው እናቱ ሞታለች ይላል። የቀበሌው ደብዳቤ አማርኛው ግን "ወላጅ እናቱ ያለችበት ስለማይታወቅ" ነው የሚለው።

ያነበብኩት ልንበር አንድ ቀን ሲቀረን ነው፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ። ቪዛው ወጥቷል፣ ሻንጣው ታስሯል። ልጁ ትኩሳት ነበረበት፣ ባለቤቴ ደረቱ ላይ አስተኝቶት እሱም አብሮ እንቅልፍ ወስዶታል። አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት። የጉዲፈቻ ድርጅቱ ውስጥ የምናውቀው ሰውዬ ጋ ደወልኩ። "የጸሐፊ ስህተት ነው፣ ሞታለች፣ አትጨነቂ" አለኝ። ላምነው ፈለግሁ፣ አመንኩት። ሰው ሁሉ "አንቺማ ቋንቋውን ታውቂያለሽ፣ እንደ ፈረንጆቹ አይሸውዱሽም" ይለኝ ነበር። እውነት ነው፣ ፈረንጆቹ ማንበብ አይችሉም። እኔ አንብቤ ነው የተሳፈርኩት።

ለባለቤቴ የነገርኩት ከዓመት በኋላ ነው። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ከዚያ "ሲያድግ እንነግረዋለን" ተባባልን። ይኸው አደገ።

ሌላም ነገር አለ። ከቅዳሴ በኋላ የእኛ ሰዎች ልጄን አጠገቤ አቁመው በአማርኛ ይጠይቁኛል፣ "ይሄስ የማነው? ከየት አመጣሽው?" ልጅቷን ደግሞ "ውይ ስታምር! ፈረንጅ እኮ ነው የምትመስለው!" እያሉ ጉንጯን ይስሟታል። አይሰማም ብለው ነው። ከአሁን በኋላ ይሰማል። ውጪ ደግሞ እንደማንኛውም ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ሲገደል 12 ዓመቱ ነበር፣ ቦታው ከቤታችን 20 ደቂቃ ነው። ባለቤቴ መኪና መንዳት ሲያስተምረው "ፖሊስ ካስቆመህ እጆችህ መሪው ላይ ይሁኑ" ማለትን የተማረው ከጥቁር ጎረቤታችን ነው፣ እሱ ራሱ በ50 ዓመቱ አንድም ቀን አስቦበት አያውቅም። እና ልጁ ውጪ አንድ ሰው ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ ቤት ሌላ። እዚህ ላይ ይሄን ፋይል ልጨምርበት? 12ኛ ክፍል እስኪጨርስ ልጠብቅ? ያለፈበት ሰው ካለ ንገሩኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

እህቴ፣ ዛሬ ማታ። ትምህርት እስኪጨርስ የምትዪውን ተዪው። ልጁ መከለሻ ካነበበ "ያለችበት ስለማይታወቅ" ለማንበብ ስንት ሳምንት ይፈጅበታል? ራሱ ካገኘው ስለ እናቱ መጠየቁን ትቶ አንቺን ነው የሚጠይቅሽ። ያን ጊዜ ምን ልትመልሺለት ነው?

ስትነግሪው ደግሞ የሆቴሉን ሌሊት እንዳታስቀሪ። "ወረቀቱ ላይ ልዩነት አገኘን" ብለሽ አታለስልሺው። አነበብኩ፣ ደወልኩ፣ ዝም አልኩ በይው። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ሳልወልዳት ያሳደግኋት የእህቴ ልጅ አለች፣ የእናቷን አሟሟት አስተካክዬ ነግሬያት ኋላ እውነቱን ከዘመድ ሰማች። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ስነግራት ሌላ ሰው ጠይቃ ታረጋግጣለች። የዶክተር ቀጠሮ እንኳ።

የቀለሙን ነገር በሚመለከት እኔ ሁለት ክልስ ልጆች አሉኝ፣ ይሄን ጉንጭ ሳሚ ሁሉ አውቀዋለሁ። "ቀይ" ማለት ቆንጆ ማለት ነው ብሎ ያደገ ሰው መጥፎ ነገር የተናገረ አይመስለውም። እኔ ቦታው ላይ፣ ልጆቹ እየሰሙ ነው የምመልሰው። "የማነው?" ሲሉሽ "የእኔ" በይና ዝም በይ። ቀጥሎ ያለውን ዝምታ እነሱ ይሸከሙት። "ከየት አመጣሽው" ካሉሽ "እናንተስ የእናንተን ከየት አመጣችሁት?" በያቸው። እኔ አንድ ጊዜ ብያለሁ። ሴትየዋ እስካሁን አኩርፋኛለች፣ ተመስገን ነው።

አባ ንጉሥ

ይቅርታ እህቴ፣ ሁላችሁም ልጁን ልታሳብዱት ነው። በልቶ ጠጥቶ ተምሮ አድጓል። አገሩ ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። 15 ዓመት ያለፈ ነገር ማን ቆፍር አለሽ? አንዳንዱን ሆድ ይፍጀው ይባላል። ፋይሉን ወንድምሽ ቤት አስቀምጪው፣ 25 ዓመት ሲሞላው ታዪዋለሽ።

ባርሴሎና 99

አባ ንጉሥ፣ በአክብሮት ነው፣ ግን "በልቶ አድጓል" ለበግ የሚባል ነገር ነው።

እኔ ራሴ የጉዲፈቻ ልጅ ነኝ። የወሎ ልጅ ነኝ፣ በ2000 ዓ.ም. ከትንሽ እህቴ ጋር ወደ ስፔን ስሄድ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እሷ ሦስት። አማርኛዬ የቀረልኝ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ለራሴ ስለማወራ ነው። የላሞቻችንን ስም እጠራ ነበር። እህቴ በስድስት ወር ጨርሳ ረሳችው። ኋላ ላይ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ኖሬ አስተካከልኩት፣ ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

በ2011 ዓ.ም. ወደ አገር ቤት ተመልሼ እናቴን አገኘኋት። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ጎረቤት መጣ፣ እልልታው ቀለጠ። ሰው ከወጣ በኋላ ሁለታችን ስንቀር የመጀመሪያ ጥያቄዋ ምን ነበር መሰላችሁ? "ምነው አልጻፍክልኝ?" የስፔን ወላጆቼ በየዓመቱ ፎቶና ሪፖርት ይልኩ ነበር፣ ልጁ 18 እስኪሞላው መላክ ግዴታቸውም ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ ሥዕል ስዬ አብሬ ልኬያለሁ። እሷ ጋ አንድም አልደረሰም። ቢሮ ውስጥ የሆነ ሣጥን ውስጥ ይሆናል። እናቴ የተረዳችው ፈረንጆች ያስተምሩታል፣ 18 ሲሞላው ይመለሳል ብላ ነው። ማንም በግልጽ "ከዛሬ ጀምሮ በሕግ የሌላ ሰው ልጅ ነው" አላላትም። ቢላትም የሚገባ ነገር አይደለም። እኛ አገር ማደጎ ሲባል ልጁ ሁለት ቤት ይኖረዋል ማለት እንጂ አንዱ ቤት ይፈርሳል ማለት አይደለም። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞው ባህል የመጣ ነው፣ እዚያም ልጁ የወለዱትን አያጣም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግም አንቀጽ 183 ላይ ልጁ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደተጠበቀ ይቆያል ነው የሚለው። ስፔን ስንደርስ ግን ስማችን ተቀየረ፣ አዲስ የልደት ወረቀት ወጣ፣ አለቀ።

የስፔን እናቴም በዓመቱ አብራኝ መጣች። ሁለቱ አይግባቡም፣ ተርጓሚው እኔ ነኝ። የኢትዮጵያ እናቴ እጇን ያዘችና መዳፏን ገልብጣ አየችው። የስፔኗ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ መዳፏ ሻካራ ነው፣ የምጣድ ጠባሳም አለበት። "ሥራ የሚያውቅ እጅ ነው፣ ንገራት" አለችኝ። ስነግራት የስፔን እናቴ ውጪ ወጥታ ለረጅም ጊዜ አልተመለሰችም።

ግን ሁሉም እንደዚህ አይምሰልሽ። እህቴ እስከ ዛሬ መሄድ አትፈልግም፣ መብቷ ነው። የማላውቃቸው አጎቶች በየበዓሉ ይደውሉልኛል፣ አንዱ ባጃጅ ግዛልኝ ብሎኛል። በዓመት ሁለቴ ሦስቴ የማልወጣው ጭንቀት ውስጥ እገባለሁ። ቢሆንም ባላውቅ ይሻለኝ ነበር ያልኩበት ቀን የለም።

አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ፋይሉን ስጪው፣ ዋናውን። ፎቶ ኮፒ አይደለም፣ አንቺ የምትይዥለትም አይደለም። የእሱ ነው።

ዳሞት

ከወላይታ ሶዶ ነው የምጽፈው። ጉዲፈቻ በተጧጧፈበት ጊዜ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። የዚያ ዓመት ልጅ መሆኑን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄደዋል። ከፍተኛው ዓመት እሱ ነበር። በማግስቱ ዓመት መጋቢት ላይ የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን ከአምስት መዝገብ በላይ አላይም ብሎ ቀነሰው፣ ከዚያ በፊት በቀን እስከ 50 ይታይ ነበር። በቀን 50 መዝገብ ማን አንቀጽ በአንቀጽ ያነባል? የቀበሌው ጸሐፊ ያየውን ጻፈ፣ እንግሊዝኛውን የሠራው ሰው ደግሞ ኤምባሲ የሚፈልገውን ጻፈ። አሜሪካኖቹ ለቪዛ ልጁ በእነሱ ሕግ "ወላጅ አልባ" መሆን አለበት ይሉ ነበር፣ "ያለችበት አይታወቅም" ደግሞ ጥያቄ ያስነሳል፣ "ሞታለች" አያስነሳም። በእርግጥ ሞታም ሊሆን ይችላል። ሳይታይ የሚታወቅ ነገር አይደለም። ኋላ ጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ሲዘጋው ሰው ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ግን የተዘጋው ከተኬደ በኋላ ነው። ብዙዎቹ ማሳደጊያዎችም ተዘጉ፣ ወረቀታቸውን ያስረከበ አለ፣ ያላስረከበም አለ።

ለመፈለግ ከወሰናችሁ ልጁን ይዛችሁ በቀጥታ እንዳትመጡ። አደራ። ፈረንጅ አባት፣ ካሜራ፣ ኪራይ መኪና ይዞ አንድ ቀበሌ መግባት ማለት በግማሽ ሰዓት ሠፈሩ ሁሉ አወቀ ማለት ነው። ሴትየዋ አግብታ፣ ወልዳ፣ ለባሏ ያልነገረችው ልጅ ቢሆንስ? እንዲህ ሆኖ ትዳር ሲፈርስ አይቻለሁ። መጀመሪያ አንድ የምታምኑት ሰው፣ ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ ቋንቋውን የምትችል፣ ብቻዋን ትሂድ። ገበያ ቀን ሄዳ፣ ቡና ጠጥታ፣ ቀስ ብላ ትጠይቅ። ከደብዳቤው ላይ የቀበሌውን ስም፣ የፈራሚውንና የምስክሮቹን ስም ጻፉላት። ከእናቲቱ ይልቅ ምስክር ቀድሞ ይገኛል፣ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው። ማኅተሙ ላይ የተጻፈው የደቡብ ክልል ዛሬ የለም፣ ተከፋፍሏል፣ ቢሮዎቹም ተዛውረዋል፣ ግን ቀበሌው ያው ቀበሌ ነው። የፍርድ ቤቱን መዝገብ ደግሞ በመዝገብ ቁጥሩ አዲስ አበባ፣ ውሳኔው የተሰጠበት ችሎት መጠየቅ ይቻላል፣ ውሳኔው ላይ ከላይ በስተቀኝ ታገኙታላችሁ።

"በሁለት ቀን አገኝላችኋለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ" ከሚል ደላላ ራቁ። "እናት ነኝ" የምትል ብትገኝ እንኳ ልጁ ከማቀፉ በፊት የምራቅ (የዲ.ኤን.ኤ.) ምርመራ ይደረግ። ነውር አይደለም። የተሳሳተ እናት አቅፎ በወሩ አይደለችም የተባለ ልጅ አውቃለሁ፣ ሁለት ጊዜ እናቱን ያጣ ያህል ነው የሆነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እንዳይከፋሽ። ልጁ አማርኛ መማሩ ደስ ይላል፣ ግን የወላይታ ገጠር ከሆነ እናቱ ያወራችለት በአማርኛ አይደለም። አንቺ ቤት እንቁጣጣሽ፣ ሽሮ፣ መከለሻ። እሱን ያመለጠው ጊፋታ፣ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፣ ዳጣ ነው። አብረሽ አስተምሪው። "ሳሮ" ማለት ሰላም ማለት ነው፣ ከእሱ ጀምሩ።

የሚኒሶታ እናት

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። አባ ንጉሥ፣ አንተንም። ያልከውን 15 ዓመት ለራሴ ስለው ስለኖርኩ አልፈርድብህም።

እሁድ ማታ ነገርነው። ልጅቷን ጓደኛዋ ቤት ላክናት፣ እኔና ባለቤቴ ፋይሉን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥን። የሆቴሉንም ሳላስቀር ነገርኩት። ባለቤቴ አንድ ቦታ ላይ ሊያግዘኝ ብሎ "እናትህ ያኔ በጣም ደክሟት ነበር" ሲል ልጁ በእጁ ዝም በል አለው። ለአባቱ እንደዚያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። እኔም ጨርሼ ዝም አልኩ።

ደብዳቤውን ወሰደና ራሱ ማንበብ ጀመረ። ጣቱን እያስኬደ፣ ፊደል በፊደል። አንድ መስመር አሥር ደቂቃ የወሰደበት ይመስለኛል፣ የቀበሌ እጅ ጽሑፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ። "ስለማይታወቅ" ላይ ሲደርስ ቆመ። ማወቅ የሚለውን ቃል ተምሮታል። "ማነው የማያውቀው?" አለኝ በእንግሊዝኛ። አልገባኝም። "እዚህ ላይ። አይታወቅም ይላል። የማያውቀው ማነው? ቀበሌው ነው? ወላጅ አባቴ ነው? ጠይቀዋል ወይስ አልጠየቁም?" አርባ ምናምን ዓመት አማርኛ ተናግሬ ይሄን ቃል እንደዚያ አስቤው አላውቅም። አይታወቅም አልኩት፣ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

ፋይሉን ይዞ ክፍሉ ገባ። ሰኞ ትምህርት ቤት ሄደ። ማክሰኞም። እኔን በጣም አያናግረኝም፣ ቁርሱን ግን እኔ የሠራሁትን ይበላል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላ ሰው ጠይቃ ታረጋግጣለች ያልሽው ገብቶኛል። ትናንት አባቱን "ሰውዬው ጋ በእርግጥ ደውላ ነበር?" ብሎ ጠይቆታል። ባለቤቴ ተኝቶ ስለነበር አላውቅም ነው ያለው። እውነቱን ነው።

ባርሴሎና፣ ዋናው ፋይል እሱ ጋ ነው። ያንተን መልስ ሳሳየው ወደ እንግሊዝኛ አዙሪልኝ አላለም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደርሷል፣ ስለ ላሞቹ የጻፍከው ጋ። "ላም" የምትለውን ሳልነግረው አወቃት።

ዳሞት፣ የቀበሌውን ስም፣ የምስክሮቹን ስምና የመዝገብ ቁጥሩን እሱ ራሱ በፊደል ጽፎ ሰጥቶኛል። እዚህ አደባባይ ላይ አላወጣውም፣ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። አንድ ምስክር ላይ ስሙ "ዳ" ይሁን "ጻ" መለየት አልቻልንም፣ ፎቶውንም አብሬ ልኬዋለሁ፣ እየው እስቲ። የምትሄደው ሴት ማን ልትሆን እንደምትችል ካሰብክ ንገረኝ፣ የመንገዷንና የውሎ አበሏን እኛ እንችላለን። እና ሳሮ ሲባል መልሱ ምንድነው? ዛሬ ጠዋት ጠየቀኝ፣ ላጣራልህ አልኩት።